የማርሎ ሦስተኛ ዓመት

ያን ሰሞን ቶሮንቶ ውስጥ ስለ ሆኪ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ጁን 2019 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ እጽፋለሁ፤ ነገሩም የፈረንጅ ነው)። ራፕተርስ የኤንቢኤን ዋንጫ ካነሣ ገና ሳምንት ከምናምን፣ የከተማው ጭፈራ አልበረደም። እኛም ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዳችን ዳንፎርዝ ላይ ካለች አንዲት የሐበሻ ቡና ቤት ተኮልኩለን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጠበቀ፣ ካዋይ ሌነርድ ይቆያል አይቆይም እየተባባልን ነበር። የእህቴ ልጅ ብቻ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እዚሁ ተወልዶ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ያደገ ልጅ ነው፤ ቅርጫት ኳሱ ለእሱ የእንግዳ ደስታ ነው፣ የቤቱ ኀዘን የከተማው የሆኪ ክለብ ሜፕል ሊፍስ ነው።

«አጎቴ፣ ማርሎን ለካሮላይና ሰጡት» አለኝ።

«በማን ቀየሩት?»

«በማንም። እንዲያውም የመጀመሪያ ዙር ምርጫ የጨመሩት እነሱ ናቸው።»

ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አባት ጆሯቸውን ጣል አድርገው ኖሮ «ሰውየውንም ሰጥተው፣ ምርቃትም ጨምረው?» አሉ። «እንዲህ ከሆነማ ሻጩ የቱ ነው? ገዢውስ?»

ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ። እንጀራዬ የሰው ሒሳብ መዝገብ መያዝ ስለሆነ ይሆናል፣ ሻጭና ገዢው ያልለየ ግብይት እንቅልፍ አይሰጠኝም። (ምርጫ የሚባለው ክለቦች በየዓመቱ ድራፍት በሚሉት ሥርዓት አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚወስዱበት መብት ነው፤ ደካማው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፣ የመጀመሪያው ዙር ከሁሉ ይወደዳል።) ማታ ደብተር አውጥቼ መሐሉን በመስመር ከፈልኩና ጻፍኩት። ከቶሮንቶ የወጣው፦ ፓትሪክ ማርሎ፣ የ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ፣ የ2020 ሰባተኛ ዙር ምርጫ። ወደ ቶሮንቶ የገባው፦ የ2020 ስድስተኛ ዙር ምርጫ። የቀኙ ዓምድ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም።

ማርሎ ማንም ተጫዋች አይደለም። በ1997 ሳን ሆዜ ሻርክስ ከድራፍቱ በሁለተኛነት የመረጠው፣ ከ2009 ወዲህ አንድም ጨዋታ ያላመለጠው ሰው ነው። ቶሮንቶም ሁለቱንም የውድድር ዘመን 82ቱንም ጨዋታ ተሰልፏል፤ በመጀመሪያው 27 ጎል አገባ፣ በሁለተኛው 16። በዚያ ጁን 39 ዓመቱ ነው። ኮንትራቱ በዓመት 6.25 ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሲሆን የቀረው አንድ ዓመት ነው። ያቺ አንድ ዓመት ናት እንግዲህ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ይዛ የሄደችው።

ጣሪያው

ሆኪን የማይከታተል ወዳጅ ሁሉ እዚህ ላይ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ ቶሮንቶ ሀብታም ክለብ አይደለም ወይ? ነው፤ ከሊጉ ባለጸጎች አንዱ ነው። ግን በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ቦታ የለውም። የ2004–05 የውድድር ዘመን በሙሉ በደመወዝ ክርክር ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ ሊጉ ሲመለስ ይዞት የመጣው ነገር የደመወዝ ጣሪያ ነው። ሲጀመር ለአንድ ክለብ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2019–20 81.5 ሚሊዮን ደርሷል። በውድድሩ ዘመን ከዚያ በላይ መውጣት በመርህ አይፈቀድም፣ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ቢኖረውም።

በነገራችን ላይ በዚያው ክረምት የኛ አገር የእግር ኳስ ክለቦችም ጣሪያ አበጅተው ነበር፤ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። የኛው ጣሪያ ያኔ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ራስ በላይ የተሠራ ነበር፤ የእነሱ ከመላው ቡድን በላይ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሰዎችን የሚያጋፋበት መንገድ ሌላ ነው። ከቡድኑ በላይ በሆነ ጣሪያ ሥር የአንዱ ደመወዝ የሌላው ጠላት ነው። ማርሎ የሚይዛት እያንዳንዷ ዶላር ለቡድኑ ወጣት ኮከብ ለሚች ማርነር የማትደርስ ዶላር ናት።

ታዲያ ቶሮንቶ ምን ላይ ነበር? ከአጥቂዎቹ በዓመት ጆን ታቫሬስ 11 ሚሊዮን። ኦስተን ማቲውስ 11.634 ሚሊዮን፣ አዲሱ ኮንትራቱ የሚጀምረው በዚያው መከር ነው። ዊሊያም ኒላንደር ወደ 7 ሚሊዮን። ማርነር ደግሞ ገና አልፈረመም፤ ያለፈውን ዘመን የቡድኑ ቀዳሚ ነጥብ ሰብሳቢ ሆኖ ጨርሶ፣ ጁላይ 1 ላይ ኮንትራቱ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ኋላ ሴፕቴምበር ላይ ሲፈርም በዓመት 10.893 ሚሊዮን ሆነ። አራቱ ተደምረው የጣሪያውን ግማሽ ያህል ይሆናሉ። በሌላው ግማሽ በረኛ፣ ተከላካይና ሌሎቹን አጥቂዎች ሁሉ መቅጠር ነው።

ያልተጠበቀው ወጥመድ ያለው ኮንትራቱ ውስጥ ነው። በያኔው የሊጉ ሕግ 35 ዓመት ሞልቶት ብዙ ዓመት የፈረመ ሰው ጡረታ ቢወጣም፣ ክለቡ ከፍሎ ቢያሰናብተውም፣ የኮንትራቱ ሙሉ ሒሳብ ከጣሪያው ሥር አይወጣም ነበር። ማርሎ ሲፈርም 37 ዓመቱ ነበር። ወደ ታችኛው ሊግ ቢልኩትም የሚለቀቀው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መውጫው በር አንድ ብቻ ነው፤ ቦታ ያለው ሌላ ክለብ ኮንትራቱን በሙሉ ተሸክሞ እንዲሄድ ማድረግ። በሩንም ማርሎ ራሱ ካልከፈተው አይከፈትም፤ ያለ ፈቃዱ እንዳይዛወር የሚከለክል አንቀጽ አለው።

የዕጣው ገዢ

ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ግብይት ያውቀዋል። ዕጣ ወጥቶለት ገንዘቡ ለጊዜው የማያስቸኩለው አባል ካለ፣ የጨነቀው ሌላ አባል ቀርቦ «ዕጣህን ሽጥልኝ» ይለዋል። ይጨምርለትና የዛሬውን ይወስዳል፣ የራሱን የነገ ዕጣ ለሻጩ ይተውለታል። በዚህ ገበያ የጭማሪው ልክ የሚታወቀው ከገዢው ፊት ነው። ሐሙስ የቤት ኪራይ ያለበት ሰውና መኪና ለመቀየር የፈለገ ሰው አንድ ዋጋ አይጠየቁም።

የቶሮንቶ ፊት ደግሞ ከሩቅ ይነበብ ነበር። ማርነር ምን እንደሚፈልግ፣ ጣሪያው የት እንደቆመ፣ ማርሎም ቤተሰቡ ወዳለበት ወደ ካሊፎርኒያ መመለስ እንደሚሻ ሠላሳ አንዱም ክለብ ያውቃል። ካሮላይና ሀሪኬንስ ቦታ ነበረው፤ ባለቤቱ ቶም ዳንደን ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ ነበር። በመጀመሪያ ማርሎ እንዲጫወትላቸው ለማግባባት እንደሚሞክሩ ተናገሩ። እሱ ልቡ ሳን ሆዜ ነው። ጁን 27 ላይ ኮንትራቱን ከፍለው አሰናበቱት።

የከፈሉትን ቁጥር ሳገኘው ነው ደብተሬ ትርጉም የሰጠኝ። በጣሪያው ሥር የሚቆጠረው የሦስቱ ዓመት አማካይ 6.25 ሚሊዮን ይሁን እንጂ፣ ማርሎ ለመጨረሻው ዓመት በእጁ የሚጠብቀው የፊርማ ጉርሻ 3 ሚሊዮን፣ መደበኛ ደመወዝ 1.25 ሚሊዮን ነበር። ሲያሰናብቱት ጉርሻውን በሙሉ፣ ከደመወዙ ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ይከፍላሉ፤ 3.83 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ለእኚያ አባት መልሱ ይኸው፦ ካሮላይና የአንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ገዢ ነው፣ ዋጋውም 3.83 ሚሊዮን ዶላርና የአንድ ዓመት ቦታ። ኤንኤችኤል ውስጥ ምርጫን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ክልክል ነው፤ በሰው ኮንትራት ጠቅልለው ሲገዙት ግን ተጫዋች ዝውውር ይባላል። ማርሎም በሰላም ወደ ሳን ሆዜ ተመለሰ፤ ኦክቶበር ላይ በ700 ሺህ ዶላር ፈረመላቸው።

ለምን ቸኮሉ የሚለው ግን ቆይቶም ሲመላለስብኝ ነበር። ክረምቱን ጣሪያውን በአሥር በመቶ መብለጥ ይፈቀዳል፤ መጥበብ የሚጀምረው ኦክቶበር ላይ ነው። ቶሮንቶ ጉርሻው የሚከፈልበትን ጁላይ 1ን አሳልፎ 3 ሚሊዮኑን ከራሱ ኪስ ቢከፍልስ? ገንዘብ እንደሆነ ሞልቶታል። ከዚያ በኋላ ኮንትራቱን የሚወስድ ክለብ የሚጠብቀው ወጪ 1.25 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያጥረው ክለብ ሁሉ ለሰልፍ ይመጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በወረቀት ላይ ብልህ ሐሳብ ነው።

መልሱ የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው ያለው። ክለቦች ተጫዋች ከፍለው የሚያሰናብቱበት መደበኛ ጊዜ ጁን 30 ላይ ይዘጋል። ማርሎ በሩን የሚከፍተው ነጻ ወጥቶ ወደ ሳን ሆዜ የሚሄድ ከሆነ ነው፤ ነጻ የሚወጣው ደግሞ ከጁን 30 በፊት ከተሰናበተ። ስለዚህ ጁላይ 1 የሚባል ርካሽ ቀን ለቶሮንቶ አልነበረውም። የጊዜው ቁልፍ በ39 ዓመቱ ሰውዬ እጅ ነበር። ይህ ንባቤ ነው፤ የተነገረ ነገር አይደለም፣ ግን ቀኖቹን ስደረድራቸው ሌላ መንገድ አላይም። ጄኔራል ማናጀሩ ካይል ዱባስ ድራፍቱ በሚካሄድባት ቫንኩቨር ውስጥ ጁን 22 ላይ ሲፈርም በእጁ የነበሩት ስምንት ቀኖች ናቸው።

አንዲት ኳስ

አሁን ዓመት ልዝለል። በ2020 ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተቋርጦ ኦገስት ላይ ያለ ተመልካች ተመለሰ። ቶሮንቶ በገዛ ሜዳው፣ ባዶ ወንበር ፊት፣ ከኮሎምበስ ጋር አምስት ጨዋታ ተጫወተ። ኦገስት 9 አምስተኛውን 3 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። የእህቴ ልጅ ደወለልኝና ምንም ሳይል ቆየ፤ እኔም ምንም አላልኩትም። ከ1967 ወዲህ ዋንጫ ያላየ ክለብ ደጋፊ ማጽናኛ ቃል ቢነግሩት ይቆጣል።

በማግስቱ ማታ ዕጣ ነበር። ያ ዓመት እንግዳ ስለነበረ ሕጉም እንግዳ ሆነ፤ በማጣሪያው ዙር የተሸነፉት ስምንት ክለቦች ለድራፍቱ አንደኛ ምርጫ እኩል ዕድል ተሰጣቸው፣ ለእያንዳንዱ 12.5 በመቶ። አንደኛው ምርጫ ማለት በዚያ ዓመት አሌክሲ ላፍሬንየር ማለት ነው፤ ሁሉም ተስማምቶበታል።

ያኔ ነው የማርሎን ግብይት እንደገና ያነበብኩት። የምርጫው አሰጣጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ምርጫው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ከወደቀ ቶሮንቶ ያስቀረዋል፣ ካሮላይና የ2021ዱን ይወስዳል። በ2019 ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ዘልሎታል፤ እንዲህ ያለ ቡድን ከመጨረሻዎቹ አሥር ውስጥ ምን ያደርጋል ተብሎ። የቆመው ለክፉ ቀን ነበር፣ ክፉው ቀንም ባልተጠበቀ ልብስ መጣ። አሁን ከስምንት አንድ ዕድል አለ፦ ቶሮንቶ ላፍሬንየርን ይዞ ሊያድር።

ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን፤ እሱ በቤቱ፣ እኔ በቤቴ፣ ስልኩ በመሐላችን ክፍት ሆኖ። ኳሶቹ በመስታወቱ ውስጥ ይንጫጫሉ። ማሽኑ ሲጮህ በስልኩም በኩል ስለሚሰማኝ የእሱ ድምፅ ከእኔው ግማሽ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲህም አልለቀቀኝም። ዱባስ ከፈረመ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የጨመረውም የቀነሰውም ቃል የለም። አሁን የቶሮንቶ ኳስ ብትወጣ፣ ነገ ጠዋት ጋዜጣው ሁሉ «ያንን ቅድመ ሁኔታ ያስገባ ሰው አርቆ አሳቢ ነው» ይላል። ካልወጣች «የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለማንም የሸጠ» ይባላል። ያው ሰው፣ ያው ወረቀት፣ ያው ፊርማ። ታዲያ ምኑን ነው የምንመዝነው? ሰውየውን ወይስ ኳሷን?

የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ኳስ ወጣች። ልጁ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ «በቃ» አለ።

የቶሮንቶ ምርጫ 13ኛ ላይ ወደቀ፤ ከቅድመ ሁኔታው በሦስት ደረጃ ያለፈ። ካሮላይና ኦክቶበር ላይ የዊኒፔጉን ልጅ ሴዝ ጃርቪስን መረጠበት። ጃርቪስ በ2023–24 33 ጎል አገባ፤ በ2024 ኦገስት ስምንት ዓመትና 63.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ በአራቱ አገሮች ውድድር ለካናዳ ተሰልፎ ዋንጫ አነሣ። አሁን የማርሎ ስም በተነሣ ቁጥር «ጃርቪስን የሰጡበት» ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በጁን 2019 ሴዝ ጃርቪስ 17 ዓመቱ ነው፤ ስሙን ፖርትላንድ ካሉ የወጣቶች ሊግ ተመልካቾች ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ያች ምርጫም 13ኛ ትሁን 31ኛ ማንም አያውቅም። ያልተወለደ ምርጫ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን እንጠጣለን ወይስ አንጠጣም የሚለውን የሚያውቀው የወደፊቱ ብቻ ነው። ላፍሬንየርም ቢሆን ያን ማታ የተባለለትን ያህል አልሆነም፤ ጥሩ ተጫዋች ሆነ እንጂ።

ከስድስት ቀን በኋላ

የደብተሬን የቀኝ ዓምድ የሞላልኝ ሌላ ቀን ነው፤ ጁን 28፣ 2019። ማርሎ ከሄደ በስድስተኛው ቀን ቶሮንቶ ሁለት አጥቂዎቹን አስፈረመ። ካስፔሪ ካፓነን በዓመት 3.2 ሚሊዮን፣ አንድሪያስ ዮንሰን በዓመት 3.4 ሚሊዮን። ድምሩ 6.6። ማርሎ የለቀቀው 6.25።

ሁላችንም ማርሎ የተሸጠው ለማርነር ቦታ ለማስለቀቅ ነው ስንል ቆይተናል፤ ክለቡም ደጋፊውም። የማርነር ኮንትራት በማንኛውም ሁኔታ መፈረሙ አይቀርም ነበር፤ እንደሱ ያለውን ማን ይለቃል? በእርግጥ ያ ቦታ ያስቀራቸው ካፓነንና ዮንሰን ናቸው፤ ሦስተኛ አጥቂ መስመር ላይ ሊጫወቱ የሚችሉ፣ ጥሩ ሯጭ የሆኑ፣ ግን በየቡድኑ የሚገኙ ዓይነት ሰዎች። የመጀመሪያ ዙር ምርጫው የሁለቱ ዋጋ ነው።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ኦገስት 2020 ላይ ካፓነን ወደ ፒትስበርግ ሄደ፤ በምላሹ ከመጡት ውስጥ የ2020 የመጀመሪያ ዙር 15ኛ ምርጫ አለበት። ኦክቶበር ላይ ዮንሰንም ወደ ኒው ጀርሲ ተሻገረ፣ በአንድ ወጣት አጥቂ ተለውጦ። እንግዲህ መዝገቡን ዝጋ ብትሉኝ፦ 13ኛ ወጣ፣ 15ኛ ገባ። በሁለት ቁጥር ልዩነት ቦታውን ለአንድ ዓመት ተከራዩ። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊወቀስ የሚችል ኪራይ አይደለም፤ እንዲያውም ርካሽ ነው።

ቶሮንቶ በ15ኛው የመረጠው ሮድዮን አሚሮቭን ነው፤ ከኡፋ የመጣ፣ እጁ የፈጠነ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ልጅ። በ2022 የጭንቅላት ዕጢ ተገኘበት፤ ኦገስት 2023 ላይ በ21 ዓመቱ አረፈ። ስሙን ጃርቪስ ጎን አስቀምጦ «ሊፍስ ያገኘው ይህን ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ወንበሬን እቀይራለሁ። ያን ሒሳብ የሚያስብ ጭንቅላት የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም።

ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ሥሩ ጁን 2019 አይደለም፤ ጁላይ 2፣ 2017 ነው። ያን ቀን ማርሎ ለቶሮንቶ ሦስት ዓመትና 18.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ያስፈረመው የያኔው ጄኔራል ማናጀር ሉ ላሞሪዬሎ ነው። የሦስቱን ዓመት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ጎኑ የወጣቶቹን ኮንትራት አስቀምጡ። የማቲውስም የማርነርም የጀማሪ ኮንትራት የሚያልቀው በ2019 ክረምት ነው። ይህ ምስጢር አልነበረም፤ ትንቢትም አያስፈልገውም። የማርሎ ሦስተኛ ዓመት የሚጀምረው ልክ በዚያው ክረምት ነው። 40 ዓመት የሚሞላው ሰው ደመወዝና የሁለቱ ወጣቶች ጭማሪ አንድ ቀን አንድ በር ላይ እንደሚገናኙ በ2017 በእርሳስ ሊደመር ይችል ነበር።

ለምን ተፈረመ ታዲያ? ያለ ሦስተኛው ዓመት ሁለቱ አይገኙማ። 37 ዓመት የሞላው ሰው፣ የሙያ ዕድሜውን በሙሉ የተጫወተበትን ከተማ ለቅቆ እንዲመጣ የሚያደርገው ማረጋገጫ ነው። እነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ መጥፎ አልነበሩም። 27 ጎል በቀላሉ አይገኝም። ማቲውስና ማርነር ቤቱ እየሄዱ ከልጆቹ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ ሲሰናበት ማርነር እንደ ታላቅ ዘመድ ነበር የተሰናበተው። ሁለቱንም ዓመት ቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ ባያወጣቸው ኖሮ ስለ ሦስተኛው ዓመት የሚያነሣ ሰውም አይኖርም ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፈራሚው ዕዳው በሚመጣበት ቀን አልነበረም። ላሞሪዬሎ በ2018 ወደ ኒው ዮርክ አይላንደርስ ሄደ። በዚህ ሙያ ጄኔራል ማናጀር አራት ዓመት ከቆየ ዕድሜ ጠግቧል ይባላል፤ ኮንትራት ግን ሰባት ስምንት ዓመት ይፈረማል። ሰው ሌላ ሰው የሚከፍለውን ቀን ሲቀጥር እጁ ይለቅለታል። ባለሥልጣን ሲቀያየር የሚቀረውን ዕዳ ከማንም በላይ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ አላብራራውም።

ዱባስንም ነጻ አላወጣውም። ያኔ የላሞሪዬሎ ምክትል ነበር፣ ወረቀቱን አይቶታል። ወንበሩን በያዘ በሁለተኛው ወር ታቫሬስን በሰባት ዓመት 77 ሚሊዮን አመጣ። ዕዳ ወርሶ በላዩ ላይ ድግስ ጠራ። የታቫሬስ ፊርማ ትክክል አልነበረም አልልም፤ ማንም ክለብ ያደርገው ነበር። ግን የማርሎ ዋጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጣት ጀመረ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሮንቶ የሚመርጠው ነገር አለቀበት።

ሌላው ደግሞ ማንም ያላየው ነው። በማርች 2020 መጀመሪያ ሊጉ የሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ከ84 እስከ 88.2 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በሳምንቱ ኮሮና ሊጉን ዘጋው፣ ጣሪያውም በ81.5 ላይ ደረቀ። ነገን በዛሬ የሸጠ ሁሉ የነገው ጣሪያ እንደሚያድግ አስቦ ነው የሸጠው። ካሮላይና በጥሬ ገንዘብ የገዛት ምርጫ ጣሪያው ሲደርቅ የበለጠ ወርቅ ሆነች፤ ወጣት ተጫዋች በሦስት ዓመት የጀማሪ ደመወዝ ከዋክብት ያህል ሲጫወት ጣሪያ የሚሰፋው በእሱ ነው።

አሁን ዓለሙ ተለውጧል። ጣሪያው ለ2025–26 95.5 ሚሊዮን ነው፣ ከዚያ 104፣ ከዚያ 113.5 ይሆናል ተብሏል። ቦታ ሲበዛ ቦታ የሚሸጥ ክለብ ፊቱን ማኮሳተር አይችልም፤ የዛሬ ማርሎ ቢኖር የመጀመሪያ ዙር ምርጫ የሚጠይቅበት ያለ አይመስለኝም። ማርነርም ሄዷል፤ በ2025 ክረምት ለቬጋስ በዓመት 12 ሚሊዮን ፈርሞ፣ ለቶሮንቶ በምላሹ ኒኮላ ሩዋ መጣ። ዱባስ ፒትስበርግ ነው። ከዚያ ክረምት ሰዎች ውስጥ እስካሁን ድረስ ቶሮንቶን የሚመለከተው የእህቴ ልጅና እኔ ብቻ የቀረን ይመስለኛል።

እሱ ዛሬም አይስማማም። ቶሮንቶ የማርሎን ደመወዝ ግማሹን ራሱ ይዞ፣ ሕጉም ይፈቅዳል፣ ሌላውን ግማሽ ከሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር ቢሰጥ ይበቃ ነበር ይላል። እኔ ደግሞ የሚቀረው 3.125 ሚሊዮን ጣሪያው ሥር ዮንሰንን ያስለቅቅ ነበር እለዋለሁ። «ዮንሰን እኮ በዓመቱ ሄደ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ጁን ላይ ይህን ያወቀ የለም ስለው፣ «አንተ ራስህ 2017 ላይ በእርሳስ ይደመር ነበር ያልከው ምን ነበር?» ብሎ ይይዘኛል፤ የያዘኝ ቦታ ላይ ነን።